ከፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት ሲያመልጥ፦ ጎንደር ላሉ አባት የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጎንደር የሚኖሩ የ67 ዓመት አባት ለፕሮስቴት ካንሰር አዲስ አበባ ሄደው ፕሮስቴታቸው (ከሽንት ፊኛ በታች ያለው ዕጢ) ሙሉ በሙሉ ወጥቶላቸዋል። ካቴተሩ (ሽንት የሚያስወጣው ቱቦ) ከተነሳ አምስት ወር ሆናቸው። ሌሊት ደረቅ ሆነው ያድራሉ፤ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ፣ ሲያስሉ፣ ዳገት ሲወጡ ግን ሽንት ያመልጣቸዋል። ከሰዓት በኋላ ይብሳል። በቀን አራት ጊዜ ጨርቅ ይቀይራሉ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የታዘዘላቸውን ታምሱሎሲን አሁንም ይውጣሉ፤ ለደም ግፊት ደግሞ ኢናላፕሪል ይወስዳሉ። እንዳያመልጣቸው ብለው ውሃ መጠጣት ትተዋል፤ ቅዳሴም ዕድርም ቀርተዋል። ልጃቸው የምትጠይቀው፦ ይህ ነገር ይተዋቸዋል ወይ? የሚዋጥ መድኃኒት አለው ወይ? ካቴተር ቢደረግላቸው አይሻልም ወይ? ቀዶ ሕክምናስ አለው?

በመጀመሪያ ሌሊት ደረቅ ሆነው ማደራቸውን ልብ ይበሉ። ከጻፉት ሁሉ ትልቁ መረጃ እሱ ነው። ወንድ ሽንቱን የሚቋጥርባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንዱ የፊኛው አንገትና ፕሮስቴቱ ያሉበት ነው፤ ሰውየው ሳያስበው በራሱ ይዘጋል። ሌላው ከፕሮስቴቱ በታች የሽንት ቧንቧውን የከበበው ጡንቻ ነው፤ ሽንት ሲመጣብን አስበን የምንቋጥረው በእሱ ነው። ለካንሰር ተብሎ ፕሮስቴት ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የላይኛው መቋጠሪያ አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ በታችኛው ላይ ይወድቃል። ሰው ሲተኛ ፊኛው ላይ የሚያርፈው ጫና ትንሽ ስለሆነ ይህ ጡንቻ ይችለዋል። ሲነሱ፣ ሲያስሉ፣ ጀሪካን ሲያነሱ ግን የሆድ ግፊት በድንገት ፊኛውን ይጫነዋል፤ ጡንቻው ቀድሞ ካልተቋጠረ ሽንቱ ያመልጣል። ከሰዓት በኋላ የሚብሰውም ጡንቻው ውሎ ውሎ ስለሚደክም ነው። የአባትዎ ሁኔታ ከዚህ ጋር ልክ ይገጥማል። ጡንቻው ደከመ እንጂ አልሞተም።

አምስት ወር ደግሞ ገና ነው። ይህን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ካቴተሩ በተነሳ ማግስት ምንም የማያመልጠው ሰው ጥቂት ነው። ብዙው መሻሻል በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ይመጣል፤ እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ ከዓመት በኋላም ቀስ እያለ የሚሻለው አለ። ሽንት ማምለጡ ካንሰሩ ተመለሰ ማለት እንዳልሆነም ለአባትዎ ይንገሯቸው፤ ብዙ አባቶች ይህን ፍርሃት ለማንም ሳይናገሩ ይዘውት ይኖራሉ። ካንሰሩን የሚከታተሉት ፒኤስኤ በሚባለው የደም ምርመራ ነው፤ እሱን በቀጠሮው ሳያሳልፉ ያሠሩ።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ሽንቱ መቼና እንዴት እንደሚያመልጥ በትክክል መለየት ነው፤ ሕክምናው የሚለያየው በዚህ ነው። በእንቅስቃሴና በሳል ጊዜ የሚያመልጠው የጡንቻ ድክመት ነው። ሽንት ድንገት አጣድፎ ይዞ፣ ሽንት ቤት ሳይደርሱ የሚያመልጥ ከሆነ ግን ችግሩ ያለጊዜው የሚኮማተረው ፊኛ ነው፤ ይህ በተለይ የጨረር ሕክምና የወሰዱ ሰዎች ላይ ይበዛል፣ ጨረሩ ካለቀ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ሊጀምር ይችላል። ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው፦ ፊኛው እየሞላ በደንብ ስለማይወጣ ከሞላው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ፊኛውና ቧንቧው የተሰፉበት ቦታ ጠባሳ ሠርቶ ሲጠብ ነው። ምልክቱ ሽንቱ መቅጠኑ፣ ለመሽናት ማማጥ፣ ሸንተው ወዲያው እንደገና መምጣቱ ነው። ጥበት ያለበትን ሰው ጡንቻ አጠንክር ማለት፣ ወይም ፊኛ የሚያረጋጋ ክኒን መስጠት ይጎዳዋል፤ ሽንቱ ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ ማንኛውም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሦስት ቀላል ምርመራዎች ይደረጉ፦ ለኢንፌክሽን የሽንት ምርመራ፣ የደም ስኳር፣ እና ከሸኑ በኋላ ወዲያው ፊኛ ውስጥ ስንት ሚሊ ሊትር እንደቀረ የሚያሳይ አልትራሳውንድ። ሦስቱም ጎንደር ውስጥ ይሠራሉ። አልትራሳውንዱን የሚያነሳውን ባለሙያ «ከሽንት በኋላ የቀረውን ይለኩልን» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ካልተጠየቀ በሞላ ፊኛ ብቻ ታይቶ ሊቀር ይችላል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ለሦስት ቀን በደብተር ይመዝገብ፦ የጠጡት መጠን፣ የሸኑበት ሰዓት፣ ያመለጣቸው ሰዓትና ምን ሲያደርጉ እንደነበር። ከሦስቱ ቀን በአንዱ ጨርቁን ይመዝኑ። ደረቁን ጨርቅ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑትና ክብደቱን ይጻፉ፤ ሲርስ በላስቲክ ቋጥረው ያስቀምጡት፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ሁሉንም መዝነው የእያንዳንዱን ጨርቅ የደረቅ ክብደት ይቀንሱ። አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ማለት ነው። ከ100 ግራም በታች ቀላል ነው፤ ከ400 በላይ ከባድ ነው። «በቀን አራት ጨርቅ» የሚለው ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ አንዱ ጠብታ ሲያይ ይቀይራል፣ ሌላው እስኪንጠባጠብ ይጠብቃል። የቀዶ ሕክምና ምርጫ ሲመጣ የሚወስነው ይህ ግራም ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቶቻቸው። ታምሱሎሲን የፊኛውን አንገትና የፕሮስቴቱን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ነው፤ ፕሮስቴቱ ሰፍቶ ሽንት ለሚዘጋበት ሰው ይታዘዛል። ፕሮስቴቱ የወጣለት ሰው ግን ያለ ሌላ ምክንያት ቢውጠው የቀረውን መቋጠሪያ እያላላ ማምለጡን ሊያብስ ይችላል። የድሮው ማዘዣ ሳይሰረዝ ቀርቶ ወር በመጣ ቁጥር መግዛት ያለ ነገር ነው። ሐኪማቸው ዘንድ ሄደው «ይህ አሁን ለምን ይሰጣል?» ብለው ይጠይቁ፤ እኔ የመጀመሪያ እርምጃ የማደርገው ይህን ነው። ኢናላፕሪል ደግሞ በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅና የማያቋርጥ ሳል ያመጣል። ሳላቸው መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ የመጣ ከሆነ ሐኪሙ ሳል ወደማያመጣ የግፊት መድኃኒት ሊቀይርላቸው ይችላል። በራሳቸው እንዳያቋርጡት ግን አደራ፤ ግፊት ሳይታከም መቅረት ከሽንቱ የከፋ ነው። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን የሚወስዱ ካሉ ደግሞ ጠዋት እንጂ ማታ አይውሰዱት።

ዋናው ሕክምና የጡንቻው ልምምድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። «ቋጥር» ሲባሉ መቀመጫቸውን የሚያጠብቁ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ሆዳቸውን የሚነፉ ብዙ ናቸው። ሆድን ነፍቶ ወደ ታች መግፋት ፊኛውን ስለሚጫን ከነጭራሹ አለመሥራት ይሻላል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ በጀርባ ተኝተው ጉልበታቸውን ያጥፉ። አንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ፣ ሌላውን መቀመጫቸው ላይ ያድርጉ። ትንፋሻቸውን ሳይይዙ፣ ሽንት መሃል ላይ እንደሚያቋርጡ ሆነው ብልታቸውን ወደ ውስጥ ይሳቡ። በመስታወት ቢያዩት ብልቱ ከሥሩ ትንሽ ገባ ይላል፣ ቆለጡ ትንሽ ከፍ ይላል። ሆድና መቀመጫ ላይ ያሉት እጆች ምንም እንቅስቃሴ ሊሰማቸው አይገባም። ከተሰማቸው ጡንቻው ሌላ ነው ማለት ነው፤ ኃይሉን ቀንሰው እንደገና ይሞክሩ።

ሲጀመር 3 ሰከንድ መያዝ ከቻሉ በቂ ነው። ይያዙ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁና ቢያንስ የያዙትን ያህል ይረፉ። መልቀቁ እንደ መቋጠሩ ሁሉ የልምምዱ አካል ነው። በሳምንታት ውስጥ ቀስ ብለው እስከ 10 ሰከንድ ያሳድጉት። አንድ ዙር 10 ረጅም ነው፤ ከዚያ 10 ፈጣን፣ ወዲያው ቋጥሮ ወዲያው መልቀቅ። በቀን 3 ዙር፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። ቶሎ ይሻለኛል ብለው መቶና ሁለት መቶ ጊዜ የሚሠሩ አሉ፤ ጡንቻው ይዝልና ከሰዓት በኋላ ይብስባቸዋል። ተኝቶ ሲለመድ ተቀምጦ፣ ከዚያ ቆሞ፣ ከዚያ እየተራመዱ መሥራት ይከተላል፤ ጎንደር ዳገትና ቁልቁለቷ ስለማይቀር የመጨረሻው ደረጃ ግድ ነው። እውነተኛ ሽንት እየሸኑ መሃል ላይ እያቋረጡ መለማመድ ግን አይገባም፤ ጡንቻውን ለማወቅ አንድ ጊዜ ቢሞከር ምንም አይደለም፣ ልማድ ከሆነ ፊኛው በደንብ እንዳይወጣ ያደርጋል።

ከዙሮቹ የማይተናነሰው አስቀድሞ መቋጠር ነው። ከመነሳታቸው፣ ከማሳላቸው፣ ዕቃ ከማንሳታቸው፣ ሽንት ቤት ቁጢጥ ካሉበት ከመነሳታቸው አንድ ሰከንድ ቀድመው ይቋጥሩና ድርጊቱ እስኪያልፍ ይያዙ። ይህ ልማድ ሲሆን ልዩነቱ በሳምንታት ይታያል፤ የጡንቻው ጥንካሬ ግን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ሸንተው ከጨረሱ በኋላ ሱሪ ሲታጠቁ ለምትመጣው ጠብታ መፍትሔው ሌላ ነው፦ ከቆለጡ ኋላ በጣት ወደ ላይ ገፋ አድርገው ወደፊት ይጥረጉት፤ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ይወጣል።

ይህን ሁሉ በሴት ልጅ አፍ ለአባት መንገር ሊከብድ ይችላል። ወንድም ወይም አጎት ካለ እሱ ያስረዳቸው፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ፊዚዮቴራፒስት (የጡንቻና የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን የሚያሠለጥን ተቋም ስለሆነ በሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ይጠይቁ፤ ሲሄዱ «የወገብ ሕመም» ሳይሆን «ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድ» ብለው ይናገሩ። ባለሙያው ጡንቻው በትክክል መቋጠሩን በፊንጢጣ በኩል በጣት ሊፈትሽ ይችላል፤ አባትዎ እንዳይደነግጡ አስቀድመው ይወቁት።

ውሃ መተው ስሕተት ነው። ሽንት ሲወፍር ፊኛውን ያቃጥላል፣ ያጣድፋል፣ ኢንፌክሽንና ሆድ ድርቀት ያመጣል፤ ሆድ ድርቀት ደግሞ ማማጥን ያስከትላል፣ ማማጥም ያንኑ ጡንቻ ያዳክማል። ልብ ወይም ኩላሊት አሞት ውሃ እንዲቀንስ ካልታዘዘ በቀር በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ተከፋፍሎ ይጠጣ፤ አብዛኛው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ይሁን። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይጠጡ፤ ፊኛው በድንገት ይሞላል፣ ሌሊቱም ይበላሻል። ጠበል ለሚጠጡም ያው ነው፣ በትንሽ በትንሹ። ቡና ፊኛን ያነቃቃል፤ አቦሉን ጠጥተው ቶናና በረካውን ቢተዉ ለውጡን በሁለት ሳምንት ያዩታል። ጠላ፣ ኮረፌና አረቄም ሽንት ያበዛሉ፣ ጡንቻውንም ያላላሉ።

እስኪሻላቸው ድረስ በሰው መሃል ደረቅ ሆነው የሚውሉበት መንገድ ያስፈልጋል፤ ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚያዩት ሐኪሞች ያሳዝኑኛል፣ ሰውየውን ቤት የሚያስቀምጠው ይኸው ነውና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አራት ጨርቅ በየቀኑ ማጠብ ከባድ ስለሆነ ከቤት ሲወጡ ብቻ የሚጣል ፓድ፣ ቤት ሲሆኑ ጨርቅ ማድረግ ወጪውን ይቀንሳል። የወንድ ፓድ ካልተገኘ የሴቶች ትልቁ ሞዴስ ይሠራል፤ ወደ ፊት ከፍ ተደርጎ በጠባብ የውስጥ ሱሪ ይያዝ፣ የወንድ ሽንት የሚመጣው ከፊት ነው። ጨርቁ በሳሙና ታጥቦ፣ ሳሙናው በደንብ ለቆ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ቆዳው በእያንዳንዱ ቅያሪ በውሃ ታጥቦ፣ ተደርቆ፣ ስስ ቫዝሊን ወይም የዚንክ ቅባት ይቀባ። ብሽሽት ላይ ቀልቶ የሚያሳክክ ሽፍታ ከወጣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ቫዝሊን ብቻውን አይፈታውም፣ ይታይ።

ለረጅም ቀን፣ ለምሳሌ ለጥምቀት ወይም ለመንገድ፣ ኮንዶም ካቴተር ይሻላል፦ እንደ ኮንዶም ብልት ላይ የሚለበስ፣ ጫፉ ከእግር ጋር በሚታሰር ከረጢት የሚያልቅ። ፀጉሩ በመቀስ ይከርከም፣ ቆዳው ደረቅ ይሁን፣ ከብልቱ ጫፍና ከቱቦው መካከል ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተው፣ በየ24 ሰዓቱ ይቀየር። እንዳይወልቅ ብሎ ዙሪያውን በፕላስተር ማጥበቅ ክልክል ነው፤ ደም ያግዳል። ብልትን ከውጭ የሚይዝ መቆንጠጫም አለ፤ ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ መፈታት አለበት፣ ሌሊት አይደረግም፣ የመርሳት ችግር ላለበት ወይም ብልቱ ለደነዘዘ ሰው አይሰጥም።

ፊኛ ውስጥ የሚቀመጠው ካቴተር ግን ለአባትዎ አይሆንም። ኢንፌክሽንና ጠጠር ያመጣል፣ ፊኛውን እያስቆጣ በጎኑ ያስፈስሳል፣ ከሁሉ በላይ እየዳነ ያለውን ጡንቻ ሥራ ያስፈታዋል።

ስለሚዋጥ መድኃኒት፦ ኦክሲቡቲኒን፣ ቶልቴሮዲን፣ ሶሊፌናሲን የመሳሰሉት የሚያጣድፍን ፊኛ ያረጋጋሉ፤ የደከመ ጡንቻ አያጠነክሩም። አባትዎ ማጣደፍ ከሌለባቸው ከእነዚህ የሚያተርፉት የአፍ መድረቅና የሆድ ድርቀት ብቻ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ግራ ሊያጋቡ፣ አንዳንድ የግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ዓይነት ላለበትም ሊጎዱ ይችላሉ። ዱሎክሰቲን የሚባለው በመሠረቱ የድባቴ መድኃኒት የሆነው ክኒን በአንዳንድ አገሮች ለዚህ ድክመት ይሞከራል፤ እየወሰዱት ማምለጡን ይቀንሳል፣ ማቅለሽለሽና ድካም ግን ብዙዎችን ያስተወዋል። ተቀዳሚ አድርጌ አልመክረውም።

ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ልምምዱ በትክክል ተሠርቶ ከ6 ወር በኋላ ምንም ፈቀቅ ካላለ፣ ብዙ ጊዜም ዓመት ሲሞላ ነው። በፊት ግን በካሜራ ቧንቧው ታይቶ ጥበት ካለ እሱ ይታከማል። ማምለጡ ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ፣ ጨረር ላልወሰደ ሰው ከቧንቧው ሥር የሚሰፋ መደገፊያ መረብ አለ። ለከባዱ ደግሞ ሰው ሠራሽ መቋጠሪያ ነው፤ በዚህ ሕክምና የረጅም ዘመን ልምድ ያለው እሱ ነው፣ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ እየተሻሻለ መጥቷል። ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፦ ቧንቧውን የሚከብ በፈሳሽ የተሞላ ቀለበት፣ ቆለጥ ከረጢት ውስጥ የሚቀበር ትንሽ ፓምፕ፣ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ የፈሳሽ ከረጢት። ሰውየው መሽናት ሲፈልግ ፓምፑን በጣቱ ይጫናል፤ ፈሳሹ ከቀለበቱ ወደ ከረጢቱ ይሄዳል፣ ቧንቧው ይከፈታል፤ ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ቀለበቱ በራሱ ሞልቶ ይዘጋል። ከተተከለ በኋላ ቁስሉ እስኪድን 6 ሳምንት ያህል ሳይሠራ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ሽንቱ እንደ ድሮው ስለሚያመልጥ አልሠራም ብለው ተስፋ እንዳይቆርጡ። ጣታቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚረሱ ሰዎች ሊጠቀሙበት አይችሉም። ኢንፌክሽን ሊይዘው፣ ቀለበቱ ቧንቧውን ሊበላው ይችላል፣ ጨረር በወሰዱ ሰዎች ላይ ይህ ይብሳል፤ ዓመታት ሲያልፉም የብዙዎቹ እንደገና በቀዶ ሕክምና መጠገን ይኖርበታል። ዋጋው ዕቃው ብቻ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። ይህን የተከለ ሰው መሣሪያው እንዳለው የሚገልጽ ወረቀት ሁልጊዜ ኪሱ ይያዝ፤ ቀለበቱ ተከፍቶ እንደተከፈተ ሳይቆለፍ ካቴተር ቢገባበት ቧንቧው ሊጎዳ ይችላል።

ስለ ቅዳሴ መቅረታቸው፣ የንስሐ አባታቸውን ራሳቸው አግኝተው ሕመም መሆኑን ይንገሯቸውና ምክራቸውን ይጠይቁ። ሙስሊም አባቶችም ስለ ውዱእ ኢማማቸውን ቢጠይቁ፣ ሽንት ለማይቆምለት ሰው የተለየ ሥርዓት እንዳለ ይነገራቸዋል። ሳይጠይቁ በራሳቸው ፈርደው ቤት የተቀመጡት ያሳስቡኛል። ዕድር ላይ ደግሞ ከመግባታቸው በፊት ሸንተው፣ በር አጠገብ ተቀምጠው፣ ጠቆር ያለ ሱሪ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ቢሄዱ ማንም አያውቅም።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ፦ ሽንት ጭራሽ እምቢ ብሎ እምብርት በታች ሲወጠር፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲል፣ የረጋ ደም ከሽንት ጋር ሲወጣ። የካንሰር ታሪክ ያለው ሰው ደግሞ አዲስ የጀርባ ሕመም ይዞት እግሩ ሲከዳው ወይም መቀመጫው አካባቢ ሲደነዝዝ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይድረስ፤ ካንሰሩ አከርካሪውን ተጭኖ ሊሆን ይችላል፣ ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

ወደ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧ ሐኪም) ሲሄዱ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱን (የወጣው ፕሮስቴት የላቦራቶሪ ምርመራ)፣ የፒኤስኤ ቁጥሮችን በየቀናቸው፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነሣጥናቸው፣ የሦስት ቀኑን ደብተርና የ24 ሰዓቱን ግራም ይያዙ። የአዲስ አበባው ማጠቃለያ በእጃቸው ከሌለ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገበት ሆስፒታል የካርድ ክፍል ኮፒ ይጠይቁ፤ ጨረር ወስደው እንደሆነ፣ በፕሮስቴቱ አጠገብ ያሉት ነርቮች ተርፈው እንደሆነና የተሰፋው ቦታ ችግር ገጥሞት እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ ወረቀት ነው።